በቀይ ባሕር ላይ የተያዘችው የሆላንድ መርከብ



ልደታ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች የፍርድ ቤት ደጅ እንግዳችን አይደለም። ገና በጧቱ መዝገብ የያዘውም፣ ጠበቃ የሚጠብቀውም በደጃችን ሲመላለስ እናያለን። ንብረቱ የተያዘበት ሰው ሁልጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «በምን ሥልጣን ተያዘብኝ? ዳኛውስ ማን ነው?» የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ይኸው ጥያቄ በአገራችን ምክንያት በባሕር ላይ ስለተነሣበት ጊዜ ያወሳል።

የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ይሁንና ጦርነቱ በውል አልተዘጋም ነበር፤ ጣሊያናውያን ምርኮኞችም በዐፄ ምኒልክ እጅ ነበሩ። ምጽዋን ጣሊያን ስለያዘች ለኢትዮጵያ የሚመጣው መሣሪያ የሚገባው ፈረንሳይ በያዘችው በጅቡቲ በኩል ሲሆን፣ ከዚያ በግመል ተጭኖ ወደ ሐረር ይወጣ ነበር።

ነሐሴ 3 ቀን 1888 ዓ.ም. «ኤትና» የተባለች የጣሊያን የጦር መርከብ «ዱልዋይክ» የተባለችን የሆላንድ የንግድ መርከብ በቀይ ባሕር ላይ አስቁማ ፈተሸቻት። ጭነቷ ጠመንጃና ጥይት፣ መድረሻዋ ጅቡቲ ነበር። ይዛም ወደ ምጽዋ ወሰደቻት። ሆላንድ ግን በጦርነቱ ውስጥ አልነበረችም።

ይህ እንዴት ይፈቀዳል? እ.ኤ.አ. በ1856 በፓሪስ በወጣው ስምምነት መሠረት የገለልተኛ አገር መርከብ የጫነው ዕቃ፣ የጠላት ንብረት ቢሆን እንኳ አይነካም፤ ለጠላት የሚሄድ የጦር መሣሪያ ግን ይያዛል። ተዋጊው አገር መርከቡን አስቁሞ፣ መኮንን ልኮ ሰነዱንና ጭነቱን ይመረምራል። ቢይዘውም ወዲያው የራሱ ሊያደርገው አይችልም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ መወሰን አለበት።

የኢስላም የሕግ ሊቃውንትም ተመሳሳይ ነገር ከብዙ ዘመን በፊት ተመልክተውታል። በሐነፊ መዝሀብ ከጠላት አገር «አማን» ተሰጥቶት የመጣ ነጋዴ ሕይወቱም ገንዘቡም የተጠበቀ ነው፤ ሲመለስ ግን የጦር መሣሪያ ገዝቶ እንዳይወጣ ይከለከላል።

ወደ መርከቧ እንመለስ። ኢትዮጵያና ጣሊያን ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ተፈራረሙ። የሮማው ፍርድ ቤት ውሳኔውን የሰጠው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1896 ነበር። ጅቡቲ የገለልተኛ አገር ወደብ ብትሆንም የመሣሪያው የመጨረሻ መድረሻ ኢትዮጵያ ስለነበር መያዙ ሕጋዊ ነው አለ። ሆኖም ጦርነቱ ስላበቃ መርከቧም ጭነቱም ለባለቤቶቹ እንዲመለስ፣ ካሣ ግን እንዳይከፈል ወሰነ።

አድማጮቻችን! የዚህ መያዝ ዋጋ በባሕር ላይ ብቻ አልቀረም። በዚያው ሰሞን የሮማው ጳጳስ ሊዮ 13ኛ ምርኮኞቹ እንዲለቀቁ ለመለመን ወደ ዐፄ ምኒልክ መልእክተኛ ልከው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግን ጣሊያን ዛሬም እንደ ጠላት እየሠራች ነው በማለት ልመናውን ሳይቀበሉ ቀሩ። መርከቧን የያዘው መንግሥት የገዛ ወታደሮቹ በምርኮ የሚቆዩበትን ጊዜ አስረዘመ ማለት ነው። ልጇን የምትጠብቅ እናት ስለ ጠመንጃውም ስለ ሰነዱም የምታውቀው አልነበረም።

አበው «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» ይላሉ። የያዘችው የጣሊያን መርከብ፣ የፈረደውም የጣሊያን ፍርድ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 በሄግ እንዲህ ያለውን ይግባኝ የሚሰማ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ለማቋቋም ውል ቢዘጋጅም ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል። አገራችን ዛሬም ወደብ የላትም፤ አብዛኛው ዕቃችን የሚመጣው በዚያው በጅቡቲ በኩል ነው። ስለዚህ የባሕር ሕግ የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የቤታችን የዘይትና የስኳር ጉዳይ ነው። ኃይል ያለው ሁሉ መያዝ ይችላል፤ ፍትሕ የሚታወቀው ግን የያዘው አካል ከራሱ ውጭ ለሆነ ዳኛ ሲቀርብ ነው።