የዝናብ መጥረጊያና ጠጋኙ
በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ስለ አውቶሞቢል ጥገና ታሪክ አጭር ጥናት

የአውቶሞቢል ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ስለ አገባቡ ነው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ በሲድሊ መኪና ተጉዞ አዲስ አበባ መግባቱና መኪናውን ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ማቅረቡ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ነገር ግን የገባው መኪና ሲሰበር ማን እንደ ጠገነው፥ በምንስ እንደ ጠገነው የጻፈ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ከመኪና ዕቃዎች መካከል ትንሹን፥ የዝናብ መጥረጊያውን መርጠን፥ ጥገናው በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ምን ታሪክ እንደያዘ ለማሳየት እንሞክራለን።

ስፍራውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የአውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች በበልግም በክረምትም ይዘንብባታል። ከእርሷ ወደ ዱራሜ፥ ወደ ሀምበሪቾ ተራራ ግርጌ፥ የሚሄድ መንገደኛ በእንሰት ተክል መካከል ሲወጣና ሲወርድ ይጓዛል። በገበያ ቀን መንገዱ በሰውና በከብት ይሞላል። መጥረጊያው የቆመበት ሾፌር እነዚህን አያይም፤ ስለዚህ የዕቃው ትንሽነት የጉዳዩን ክብደት አይቀንሰውም።

ሜሪ አንደርሰን የተባለች የአላባማ ተወላጅ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1903፥ ነጂው ከውስጥ ሆኖ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ባለ ጎማ መጥረጊያ ሠርታ የፈጠራ መብት አገኘችበት። ኋላ የመጣው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት የሚሠራው ነው። ይህ ዐይነት ለደጋ አገር የሚመች አልነበረም። ሾፌሩ ዳገት ለመውጣት ነዳጅ መስጫውን አጥብቆ ሲረግጥ ልዩነቱ ስለሚጠፋ መጥረጊያው ይዝላል ወይም ይቆማል፤ በሆሳዕና ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 3/4 ያህል ብቻ ስለሆነ ጉልበቱ ከመነሻው ያነሰ ነው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1926 ያወጣው የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ከዚህ ችግር ነጻ ነበር። በገጠራችን ብዙ ያገለገለው የቀድሞው ላንድሮቨር ግን በኤሌክትሪኩ መጥረጊያ ላይ የእጅ ማንቀሳቀሻም ነበረው፤ ኤሌክትሪኩ ሲከዳ የአንደርሰን ብልሃት ይመለሳል ማለት ነው።

የጥገናው ታሪክ በወረቀት ባይገኝ በቃላት ውስጥ ይገኛል። ካቻቪቴ፥ ፒንሳ፥ ቡሎን፥ ዳዶ፥ ግራሶ፥ ቶርኖ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወራሪው ጦር ከካሚዮኑ ጋራ ጋራዡንም አመጣ፤ ከድል በኋላም በአገራችን የቀሩ ጣልያኖች በዚሁ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዱ ሲስፋፋ ሙያውም መንገዱን ተከትሎ ወደ ትንንሽ ከተሞች ወረደ። ዛሬ በጋራዥ ውስጥ ሐዲይኛ ወይም ከምባትኛ የሚነጋገሩ ወጣቶች መሣሪያውን በእነዚሁ ስሞች ሲጠሩት ሰምተናል።

በክረምት አንድ ቀን የተሳፈርንበት አሮጌ ሚኒባስ ከሆሳዕና ወጣ እንዳለ መጥረጊያው ቆመ። ረዳቱ በሁለቱ መጥረጊያዎች ላይ ገመድ አስሮ በመስኮት እየጎተተ ወደ ከተማ ተመለስን። በጋራዡ ያገኘናቸው ሽማግሌ መካኒክ ኮፈኑን ሳይከፍቱ ሾፌሩን ማብሪያውን እንዲጫን አዝዘው ጆሯቸውን አዘነበሉ። የመጥረጊያው ሞተር ይጮኻል፤ ክንዶቹ ግን አይንቀሳቀሱም። ሞተሩ ዝም ቢል ኖሮ ፊውዙን፥ ሽቦውንና ማብሪያውን መፈተሽ እንደሚገባ፥ ድምፅ ካለ ግን ስብራቱ ከሞተሩ ወዲያ በማያያዣው ዘንግ ላይ መሆኑን ለተለማማጃቸው አስረዱት። ባትሪውን ነቅለው ሲፈቱትም የዘንጉን መጋጠሚያ የሚይዘው የፕላስቲክ ቀለበት ከዕድሜ ብዛት ተሰባብሮ ተገኘ። ተለማማጁ በሽቦ ልሰረው ቢል እምቢ አሉ፤ ሽቦ ከመጋጠሚያው ጋራ ስለማይዞር ዝናቡ በጠናበት ሰዓት ይበጠሳልና። በቶርኖ ቤት ከጠንካራ ፕላስቲክ አዲስ ቀለበት አስወጥተው፥ ግራሶ ቀብተው አገጣጠሙት። ክንዶቹን ከማጥበቃቸው በፊት ሞተሩን አሠርተው በማረፊያው እስኪቆም ጠበቁ፤ ይህ ካልተደረገ ክንዱ ከመስታወቱ ጠርዝ ጋራ እየተጋጨ እንደገና ይሰበራል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። መኪናው ተሠርቶ ከውጭ መጣ፤ ፋብሪካው ካሰበለት ዕድሜ በላይ በእነዚህ ዳገቶች ላይ ያኖረው ግን የጠጋኙ እጅ ነው። ይህ ዕውቀት ከጆሮ ወደ ጆሮ፥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖረ እንጂ አልተጻፈም፤ ባለቤቶቹም እያረጁ ነው። ስለዚህ የሥራ ጓደኞቻችን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ ደብተራቸውን ይዘው በየከተማቸው ጋራዥ ጥቂት ሰዓት ቢቀመጡ፥ የኢትዮጵያን የሥራ ታሪክ ከሚጽፉት መካከል ይቆጠራሉ ብለን እናምናለን።