ኢም፦ ስለ ጎረቤቷ በሯን የዘጋች መንደር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ብሪታንያን ሊጎበኝ የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የነገሥታቱን ቤተ መንግሥት፣ የለንደንን ጥንታዊ ግንብና ታላላቅ ካቴድራሎችን ነው። ከእነዚህ ርቆ፣ በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል፣ በደርቢሺር ኮረብቶች መካከል ኢም የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በዚያ የሚጎበኘው ነገር ለዓይን እንግዳ ነው፤ ቀዳዳዎች የተበሱበት ድንጋይ፣ አንዲት የውኃ ምንጭ፣ በሜዳ መካከል ለብቻቸው ያሉ መቃብሮች፣ እንዲሁም በደጃፋቸው የሟቾች ስም የተጻፈባቸው ቤቶች። ታሪኩን ዐውቆ ለሚመጣ ሰው ግን እነዚህ ከብዙ ቤተ መንግሥት ይልቅ የሚናገሩት አላቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት የታሪኩ ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1665 ለንደን በቸነፈር ትታመስ ነበር። በዚያው ዓመት በኢም ለሚኖር አንድ ልብስ ሰፊ ከለንደን የጨርቅ ጥቅል ደረሰው። ጨርቁ ርጥብ ስለ ነበር ጆርጅ ቪካርስ የተባለው ረዳቱ ፈትቶ በእሳት ዳር አሰጣው። እንደሚነገረው በጨርቁ ውስጥ በሽታውን የተሸከሙ ቁንጫዎች ነበሩበት። ቪካርስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቶ ሴፕቴምበር 7 ቀን ተቀበረ። ከእርሱም በኋላ የቤቱ ሰዎችና ጎረቤቶች በየተራ ተከተሉት። በብርዱ ወራት ሞቱ ጋብ ቢልም በ1666 ሙቀቱ ሲመለስ ቸነፈሩ እንደገና በረታ።

በዚያን ጊዜ የአጥቢያው ካህን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ዊልያም ሞምፐሰን የሚባል ሰው ነበር። ለመንደሩ አዲስ ስለ ነበር ሕዝቡ በሚገባ አልተቀበለውም። ቀደም ሲል ያገለግላቸው የነበረው ቶማስ ስታንሊ በ1662 የወጣውን የአምልኮ ሥርዐት ሕግ አልቀበልም በማለቱ ከአገልግሎቱ ተነሥቶ ነበር፤ የብዙዎች ልብ ግን ከእርሱ ጋር ነበር። ሁለቱ ሰዎች በሃይማኖት ጉዳይ የማይስማሙ፣ በዘመኑ ፖለቲካም በተቃራኒ ወገን የቆሙ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሞት በደጅ ሲቆም ክርክራቸውን ወደ ጎን ትተው በአንድነት ሕዝቡን መከሩ።

በጁን 1666 ሦስት ነገሮች ተወሰኑ። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሞተበትን ሰው በገዛ ጓሮው ወይም በእርሻው እንዲቀብር ነው። ሁለተኛው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ጸሎቱ ከሜዳ፣ ከካክሌት ዴልፍ ከሚባለው ሸለቆ እንዲደረግና ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራርቆ እንዲቆም ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ ቸነፈሩ ወደ አጎራባች መንደሮች እንዳይሻገር ማንም ከመንደሩ ወሰን እንዳይወጣ ነው።

የዴቮንሺር ኧርልና የአካባቢው ሰዎች ምግብና መድኃኒት እያመጡ በወሰኑ ላይ አኑረው ይመለሱ ነበር። የመንደሩ ሰዎችም ዋጋውን በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ኮምጣጤ እየሞሉ በዚያ ይተዉ ነበር፤ ኮምጣጤው ገንዘቡን ከበሽታ ያነጻዋል ተብሎ ይታመን ነበርና። ዛሬ የሞምፐሰን ምንጭ በምትባለው ስፍራ ደግሞ ገንዘቡን በወራጅ ውኃ ውስጥ ያኖሩት ነበር።

ኦገስት ከወራት ሁሉ የከፋው ሆነ። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የተባለች እናት በስምንት ቀናት ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በገዛ እጇ ቀበረች። ራይሊ መቃብር በሚባለው ሜዳ ላይ የእነርሱ መታሰቢያ እስከ ዛሬ ይታያል። የካህኑ ሚስት ካትሪንም ከባሏ ሳትለይ ቆይታ በዚያው ወር መጨረሻ በ27 ዓመቷ ዐረፈች፤ መቃብሯ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ይገኛል። በኖቬምበር ሞቱ ሲቆም በመዝገብ የሰፈሩት ሟቾች 260 ያህል ነበሩ።

ታሪክን ስንተርክ እውነቱን ማሳመር አይገባንም። አቅም የነበራቸው አንዳንዶች አስቀድመው ወጥተዋል። ሞምፐሰንም ልጆቹን ከውሳኔው በፊት ወደ ሌላ ስፍራ ልኮ ነበር። ከቀሩት መካከልም የሚሄዱበት የሌላቸው ድሆች ነበሩ። የኢም ሰዎች ፍርሃት የሌለባቸው አልነበሩም፤ እየፈሩ የጸኑ ናቸው እንጂ። የታሪካቸውም ክብር በዚህ አይቀንስም፤ የማይፈራ ሰው ቢቆም ምን ያስደንቃል? እየፈራ ስለ ጎረቤቱ የቆመ ሰው ግን ፍቅር ዋጋ እንደሚያስከፍል በሥራው አስተምሯል።

የእነዚህ ሰዎች የእምነት ሥርዐት ከእኛ የተለየ ቢሆንም፣ ባልንጀራን እንደ ራስ ስለ መውደድ የተሰጠው ትእዛዝ ለሁላችንም አንድ ነው። እኛም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የትንሣኤን በዓል በየቤታችን ስናከብር፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መራቅ እንዴት እንደሚያምም ቀምሰናል። ያ ርቀት ሌላውን ለመጠበቅ ሲሆን የፍቅር ሥራ እንደሚሆን የኢም ታሪክ ያሳየናል። ተለያይተው የነበሩት ሁለቱ አገልጋዮች ስለ ሕዝቡ ሲሉ መስማማታቸውም በየአጥቢያችንና በየማኅበራችን በጥቃቅን ነገር ለምንኳረፍ ሁሉ ተግሣጽ ነው። እኛን የሚያስታርቀን ቸነፈር እስኪመጣ ልንጠብቅ ይገባልን?

እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ በኦገስት የመጨረሻ እሑድ ሰዎች ወደዚያ ሸለቆ ወርደው የሞቱትን በጸሎት ያስባሉ። ወደዚያች አገር የመሄድ ዕድል ያላችሁ፣ በተለይም በዚያው የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ መልካም ነው። በድንጋዩ ፊት ቆመው ጣታቸውን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲያስገቡ፣ ይህ ለምን ተበሳ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱም ስለ ፍቅር የምታስተምሩአቸው ትምህርት ይሆናል።

የሰላም አምላክ ከክፉ ደዌና ከመለያየት ይጠብቀን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።