ጎንደር፡ በአንገረብና በቀሃ መካከል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጎንደር ሲነሣ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ግንቡን ነው። ነገር ግን ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን በዚህ ስፍራ ለምን እንደ ቆረቆሩ ለመረዳት ከግንቡ በፊት ምድሩን መመልከት ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ተቀምጣለች። (በየዓመቱ ለጥምቀት የፋሲልን መጠመቂያ የሚሞላው ውኃም ከዚያው ከቀሃ የሚመጣ ነው።) በስተ ደቡብ የደንቢያ ሜዳ እስከ ጣና ተዘርግቶ እህል ይመግባታል፤ የሜዳው ንዳድ ግን በከፍታው ላይ ያን ያህል አይበረታም። በስተ ሰሜን ወገራ፣ ከወገራም ማዶ ከ4,500 ሜትር የሚያልፈውን ራስ ደጀንን የያዙት የስሜን ተራሮች ይቆማሉ። ወደ ምጽዋና ወደ መተማ የሚወስዱት የንግድ መንገዶችም ከዚህ ይነሡ ነበር።

ዘመኑም ሊታለፍ አይገባውም። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡን በግድ ለማስገባት በመሞከራቸው በእርስ በርስ ጦርነት ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ልጃቸው ፋሲል ሲነግሡ የተዋሕዶ ሃይማኖት ተመለሰች። ጎንደር የተቆረቆረችው በዚያ መከራ ማግሥት ነው። ኋላ «የ44 ታቦት ሀገር» እስከ መባል የደረሰችበትን ምክንያት ያለዚህ ታሪክ መረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

ይሁንና እህልና ንግድ የገባበት መንገድ ለጥፋትም አገለገለ። በስሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አቃጥለው የአብያተ ክርስቲያናቷን ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት ወሰዱ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች በመተማ በኩል ወጥተው፣ ደንቢያን አልፈው፣ የተረፉትን አብያተ ክርስቲያናት አነደዱ። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የመሠረቱት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ከእሳቱ ዳነ፤ አባቶች ንብ ከግቢው ወጥቶ ወራሪውን እንዳባረረ ይተርካሉ። በጣራው ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ዛሬም ቁልቁል ይመለከቱናል።

ውድ አንባብያን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። የነደደው ሕንፃውና ብራናው ነበር፤ የአቋቋሙ ትምህርት በመምህራኑ ቃል ውስጥ ስለ ነበረ እሳቱ አላገኘውም። ዛሬም የላይ ቤት አቋቋም ተማሪ ከየሀገሩ ተነሥቶ፣ መቋሚያውንና ጸናጽሉን ይዞ ለመመስከር የሚመጣው ወደ ጎንደር በአታ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።