«ፍጥነት» የሚለው ቃልና የአልዌሮ ውኃ

በጋምቤላም ሆነ በአዲስ አበባ ኮምፒዩተር ሊገዛ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ፍጥነቱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም አንድ ቍጥር ይነግረዋል፤ «ሁለት ነጥብ አራት» ወይም «ሦስት ነጥብ ስድስት» ይለዋል። ገዢው በዚያ ቍጥር ተማምኖ ገንዘቡን ይከፍላል። ይሁን እንጂ የተጠየቀውና የተመለሰው ነገር አንድ አይደለም። የተጠየቀው መሣሪያው ሥራ የሚፈጽምበት ፍጥነት ሲሆን፣ የተመለሰው ግን በውስጡ ያለው ሰዓት በአንድ ሴኮንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ ነው። ሁለቱንም አማርኛችን «ፍጥነት» ስለሚላቸው ስሕተቱ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ገንዘቡ ግን ወጥቶ ቀርቷል። ቃሉ እንዲህ ያለ ጫና እንዴት እንደ ተሸከመና ሸክሙን በምን ማቃለል እንደሚቻል በዚህ ጽሑፍ ለማመልከት እንሞክራለን።

ነገሩን ከሥሩ ስንመለከት ስያሜዎቹ ከእህልና ከውኃ ብዙም የራቁ ሆነው አናገኛቸውም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታላቁን የስሌት መኪናውን ሲነድፍ የሚያሰላውን ክፍል በአገሩ ቋንቋ «ወፍጮ»፣ ቍጥሮቹ የሚጠበቁበትን ክፍል ደግሞ «ጎተራ» እንደ ማለት አድርጎ ሰይሟቸው ነበር። መኪናው ተሠርቶ ሳይፈጸም ቀረ፤ ስሞቹም በዘመን ብዛት በሌሎች ተተኩ። የሚያስደንቀው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ አማርኛ ተናጋሪዎች ከባቤጅ ጋር ሳይመካከሩ ወደዚያው ወፍጮ ቤት መምጣታቸው ነው። ዛሬ «የመረጃ ቋት» የምንለው ስያሜ «ቋት» ከተባለው የእህልና የዱቄት መያዣ የተወሰደ መሆኑ ግልጽ ነው። ቃሉ ከሕዝብ አፍ የተገኘ ስለ ሆነ ያለ ማብራሪያ ተለምዷል።

በሌላ በኩል በአማርኛ በተተረጐሙ የኮምፒዩተር ገጾች ላይ ለፕሮሰሰር «አንጎለ ኮምፒዩተር»፣ ለሜሞሪ «ማኅደረ ትውስታ» የሚሉ ስያሜዎችን እናገኛለን። ሁለቱም የግዕዝን የዘርፍ አያያዝ የተከተሉ፣ ለጆሮም የማይጐረብጡ ናቸው። ሁለተኛውን እንቀበለዋለን። በመጀመሪያው ላይ ግን ቅሬታ አለን፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጻለን።

አሁን ወደ ፍጥነቱ ታሪክ እንለፍ። ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው 4004 የተሰኘ ማይክሮፕሮሰሰር 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ የሰዓቱ ምትም በሴኮንድ 740 ሺሕ ነበር። በ1978 የወጣው 8086 በ5 ሜጋኸርዝ፣ በ1985 የወጣው 386 በ16 ሜጋኸርዝ፣ በ1993 የወጣው ፔንቲየም በ60ና በ66 ሜጋኸርዝ ጀመሩ። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር ገና በ1965 የትራንዚስተሮች ብዛት በየዓመቱ በእጥፍ እንደሚያድግ ተንብዮ፣ በ1975 ደግሞ ግምቱን ወደ ሁለት ሁለት ዓመት አሻሽሎት ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ሙር የተነበየው ስለ ብዛት እንጂ ስለ ፍጥነት አልነበረም። ብዛቱን ከፍጥነት ጋር ያስተሳሰረው ሮበርት ዴናርድና ጓደኞቹ በ1974 ያስረዱት ሌላ ሕግ ነው፤ ይኸውም ትራንዚስተሩ ባነሰ መጠን የሚሠራበት ቮልቴጅ አብሮ ስለሚቀንስ፣ ሙቀት ሳይጨምር ምቱን ማፍጠን ይቻላል የሚለው ነው።

ይህ ሕግ እስከ ሠራ ድረስ የምቱ ብዛትና የሥራው ፍጥነት እንደ መንትያ አብረው ይሄዱ ነበር። ስለዚህም በ1964 ዓ.ም. በአማርኛ ቋንቋ አካዳሚነት የተቋቋመው፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላቱን በ1989 ዓ.ም. ባሳተመበት ወቅት ሁለቱን ለይቶ የመሰየም ችግር ጎልቶ የሚታይ አልነበረም። በወቅቱ ገበያ ላይ የነበሩት መሣሪያዎች በ200 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይመቱ ነበርና፣ 200 ከ100 እንደሚበልጥ ማንም ያውቃል።

መንትዮቹ የተለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ፔንቲየም 4 በ1.4ና በ1.5 ጊጋኸርዝ ሲወጣ፣ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ 10 ጊጋኸርዝ ይደረሳል የሚል ትንቢት ከራሱ ከኩባንያው ወገን ሳይቀር ይሰማ ነበር። ነገር ግን ትራንዚስተሩ እጅግ ባነሰ ጊዜ ኤሌክትሪኩ ማፍሰስ ስለ ጀመረ ቮልቴጁን ከዚያ በላይ ዝቅ ማድረግ አልተቻለም፤ ምቱ በተፋጠነ ቍጥር ሙቀቱ መሣሪያውን ሊያቀልጠው ደረሰ። በ2004 ኢንቴል ቴጃስ የተባለውን ቀጣይ ንድፉን ሠረዘ፤ በዚያው ዓመት 4 ጊጋኸርዝ አወጣለሁ ያለውንም ተወው። በ2005 ኢንቴልም ተፎካካሪው ኤ.ኤም.ዲም አንዱን ከማስሮጥ ይልቅ ሁለት ጐን ለጐን ማሠራትን መረጡ። ዛሬ በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ከፍተኛ የሚባለው ምት 6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ እርሱም ለአጭር ጊዜ ብቻ። አሥሩ አልተደረሰም። ሆኖም የዛሬው መሣሪያ ከ2004ቱ እጅግ ብዙ ሥራ ይሠራል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች «ፍጥነት» በሚል አንድ ቃል ብንጽፋቸው እርስ በርሳቸው ይጣረሳሉ።

እንግዲህ አልዌሮን የምናነሣው በዚህ ምክንያት ነው። የአልዌሮ ግድብ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ በአቦቦ ወረዳ የሚገኝ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተጀመረ ሥራ ነው። ወደ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝና ከ10,000 ሄክታር በላይ መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ነበር። ግድቡ ተሠራ፤ ውኃውም ተጠራቀመ፤ ዳሩ ግን ወደ እርሻ የሚያደርሰው የቦይ ሥራ ተሟልቶ ስላልተከተለው ለብዙ ዓመታት የታሰበለትን መስኖ ሳያጠጣ ቆየ። ዓሣ አስጋሪዎች ተጠቀሙበት እንጂ ማሳው አልጠጣም። ኋላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሳውዲ ስታር የተባለው ኩባንያ 10,000 ሄክታር መሬት ለሩዝ እርሻ ሲከራይ ዐይኑን የጣለው በዚሁ ውኃ ላይ ነበር።

በአልዌሮ ዳር የቆመ ሰው «ይህ ግድብ ፍጥነቱ ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ብዙ ነው። ምን ያህል ውኃ ይይዛል? ቦዩ ምን ያህል ይሰፋል? በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ ያሳልፋል? በሩ ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ውኃ ማሳው ጫፍ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይቈያል? ለእነዚህ ሁሉ አማርኛ የየራሳቸው ቃል አለው፤ መጠን፣ ስፋት፣ ፍሰት፣ ቈይታ። ሰፊ ቦይ ብዙ ፍሰት ኖሮት የመጀመሪያው ውኃ ግን ዘግይቶ ሊደርስ እንደሚችል ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ይህንኑ ወደ ኮምፒዩተሩ ስንወስደው ችግሩ ሁሉ ይገለጣል። በ3 ጊጋኸርዝ የሚመታ ፕሮሰሰር አንዱን ምት በናኖ ሴኮንድ ሲሶ ይፈጽማል፤ ከዋናው ማኅደረ ትውስታ አንድ ቍጥር ጠይቆ እስኪመጣለት ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት መቶ ምት በላይ ይጠብቃል። ወፍጮው ተስሎ፣ ውኃው ግን ገና በቦዩ ላይ ነው። መሐንዲሶቹ ለዚህ ያገኙት ዘዴ በፕሮሰሰሩ አጠገብ ጥቂት ነገር ግን ቅርብ የሆነ ማስቀመጫ መሥራት ነው፤ እንግሊዝኛው «ካሽ» ይለዋል። እኛ «ጎታ» እንዲባል እናሳስባለን። ጎተራው ውጪ ነው፣ ጎታው በቤት ውስጥ ነው፤ ለዛሬ የሚፈጨው ከጎታው ይዛቃል።

በአቦቦ አካባቢ ስያሜ ስንመርጥ ሌላም የምናስበው አለ። የቦታው ባለቤቶች አኙዋኮች ናቸው፤ በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ከወሎ፣ ከትግራይና ከደቡብ የመጡ ሰፋሪዎች እዚያ ሰፍረዋል። አማርኛ ለብዙዎቹ የትምህርት ቤትና የገበያ ቋንቋ እንጂ የእናት ቋንቋ አይደለም። ከግዕዝ ተፈልቅቆ የሚሰጥ ስያሜ ለአዲስ አበባ ሊቅ ያማረ ቢሆንም፣ በአቦቦ ለተቀመጠ ተማሪ ከእንግሊዝኛው የማይሻል ባዕድ ቃል ነው። «ቦይ» እና «ፍሰት» ግን በዐይኑ ፊት ያሉ ነገሮች ናቸው።

የፊደላችንም ታሪክ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮምፒዩተርን አማርኛ ለማስጻፍ ሲሞከር የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ያሠራው መርሐ ግብር «አጋፋሪ» ይባል ነበር፤ በቤተ መንግሥት እንግዳን ተራ አስይዞ የሚያስገባው ባለሥልጣን ስም ነው። (ከጥንት ማዕረጎች ለመኪና የተሰጠ ስያሜ ይህን ያህል የተስማማ አላየንም።) በዚያ ዘመን የጸሐፊዎቹ ችግር የምቱ ማነስ አልነበረም። ለአንድ የፊደል ገበታ የተፈቀደው 256 ቦታ ብቻ ስለ ነበረ፣ ከዚያ የሚበልጡት ፊደሎቻችን በሁለት ገበታ እየተከፈሉ ወይም በቁርጥራጭ እየተገጣጠሙ ይጻፉ ነበር። መፍትሔው የመጣው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ በሰጠ ጊዜ ነው። የጠበበው ቦዩ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ «አንጎለ ኮምፒዩተር» እንመለስ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በአንዱ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለት፣ ዛሬም ስምንትና ከዚያ በላይ አስሊ ክፍሎች ሲኖሩ ስያሜው ይሰናከላል፤ ባለ ስምንት አንጎል መሣሪያ ልንል ነውና። እንግሊዝኛው እነዚህን ክፍሎች በፍራፍሬ ውስጠኛ ክፍል ስም ይጠራቸዋል። ለውዝ በአንድ ልጣጭ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆኖ እንደሚገኝ ሁሉ እኛም «ፍሬ» ብንላቸው «ባለ ሁለት ፍሬ»፣ «ባለ ስምንት ፍሬ» እያልን ያለ ችግር እንቈጥራለን። «ፍሬ» በአማርኛ መቍጠሪያም ስለ ሆነ መደናገር ያመጣል የሚሉ ባልደረቦች አሉን፤ ተቃውሟቸው ክብደት አለው፤ ሆኖም የተሻለ ቃል አላቀረቡልንም።

ፕሮሰሰርን ራሱን እንዳለ እንተወው እንላለን፤ ሕዝቡ ለምዶታል። «ፍጥነት» ግን በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ለኮምፒዩተር ሲሰጥ «አንድ የተወሰነ ሥራ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከሚወስደው ጊዜ አንጻር የሚለካ» ተብሎ ይተርጐም፤ ጊጋኸርዙ «የምት ድግግሞሽ» ይባል፤ በሴኮንድ የሚያልፈው የመረጃ መጠን «ፍሰት»፣ ጠይቆ እስኪመጣ ያለው ጊዜ «ቈይታ» ይሁን። እንዲህ ከሆነ ገዢው በሱቁ ውስጥ «ድግግሞሹን ነግረኸኛል፤ ፍሬው ስንት ነው? ጎታውስ ምን ያህል ይይዛል?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችለው ቃል ይኖረዋል።