በጎንደር ሸንጎ የምክር ቃል የሚሰጥበት ተራ

በአገራችን ልማድ ታላቅ ሰው ባለበት ታናሹ ቀድሞ አይቀመጥም፥ ከማዕዱም ቀድሞ እጁን አይዘረጋም። በጎንደር ነገሥታት ሸንጎ ግን ቃል የሚጀመረው ከታናሹ ሹም ነበር።

ይህን ተራ ከነማዕርጉ ጽፎ የተወልን በ1770 ጎንደር የገባውና በ1771 መጨረሻ የወጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ብሩስ ራሱን ማግነን የሚወድ ጸሐፊ ስለሆነ ቃሉን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም፤ የማዕርጎቹ ስሞች ግን ከአገራችን መጻሕፍት ጋራ የሚስማሙ ናቸውና በዚህ ረገድ ልናምነው እንችላለን። እርሱ እንደሚለው መጀመሪያ የሚናገሩት የቤተ መንግሥቱ ጭፍራ ሻለቆች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የመጠጡ ሹሞች፥ በጅሮንዱ፥ ሊቀ መኳሱ፥ ፊታውራሪው፥ የግራና የቀኝ አዝማቾች፥ ኋላም የዳሞት፥ የሰሜን፥ የአማራና የትግሬ ገዥዎች በየተራቸው ይቀጥላሉ። ከዚያ ዐቃቤ ሰዓቱ፥ ብላቴን ጌታው፥ ከመኳንንቱም ሁሉ በኋላ ራስ ቢትወደዱ ይናገራሉ። ንጉሡ በመጋረጃ ተሰውሮ ሁሉን ሲሰማ ቈይቶ ፍርዱን ቃለ ዐፄ በሚባለው ሹም አፍ ይልካል። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም፤ ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ ነውና።

የተራው ጥቅም ግልጽ ነው። ራሱ አስቀድመው ቢናገሩ ሻለቃው ከእርሳቸው ቃል ሌላ ምን ይላል? መጋረጃውም፥ ለግርማ ተብሎ የተሠራ ቢሆን እንኳ፥ የንጉሡን ፊት አይቶ ቃሉን የሚያቃናውን ሰው ሳይከለክል አልቀረም።

ዳሩ ግን ብሩስ የደረሰበት ዘመን ሌላ ነበር። በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን አስገድለው ዐፄ ዮሐንስ 2ኛን አነገሡ፤ እኒያም በዚያው ዓመት ሲሞቱ ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን ገና በለጋ ዕድሜያቸው ከዙፋን አስቀመጡ። ተራው ግን አልተለወጠም፤ ራሱ ይናገራሉ፥ ወጣቱ ንጉሥ ይደመድማሉ። የሥርዐቱን ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ሰው የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነው ሊል ይችላል። እኔ እንደሚመስለኝ ተራው የሚሠራው የታላቁ ሰው አሳብ እስከ መጨረሻው ተሰውሮ ሲቈይ ብቻ ነው፤ የራስ ሚካኤልን አሳብ ግን ሻለቃው ወደ ግቢው ሳይገባ ያውቀዋል። ስለዚህ ከታች መጀመሩ ለታናሹ ነጻነት መሆኑ ቀርቶ የታላቁን ፈቃድ ቀድሞ የመመስከር ግዴታ ሳይሆንበት አልቀረም።

ኋላ ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ካደረጉ ወዲህ የመንግሥቱ ምክር ወደዚያ ሄደ፤ በጎንደር ግቢ የቀሩትም ነገሥታት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 እስከ ነገሡ ድረስ፥ በስም ዐፄ ተብለው ኖሩ።