ዱካክ

ዱካክ ሰው እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ወይም ሲነቃ አእምሮው ነቅቶ ሰውነቱ ለጥቂት ጊዜ አልታዘዝ የሚልበት ሁኔታ ነው። በሕክምናው የእንቅልፍ ሽባነት ይባላል። የተያዘው ሰው ዐይኑን ማንቀሳቀስ ይችላል፤ ትንፋሹም አይቋረጥም፤ መጮህ ወይም እጁን ማንሳት ግን አይሆንለትም። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይለቃል። ሌላ ሰው ሲነካው ወይም በስሙ ሲጠራው ደግሞ ቶሎ ሊለቀው ይችላል። በራሱ ገዳይ አይደለም፤ የእብደት መጀመሪያም አይደለም።

አመጣጡ

እንቅልፍ በአንድ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ በሚመላለስ ዙር ይጓዛል፤ አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በየዙሩ መጨረሻ ዐይን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚልበትና ሕልም የሚደምቅበት፣ ሬም የሚባል ክፍል ይመጣል። ይህን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1953 ይፋ ያደረጉት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ሚሼል ዡቬ በሊዮን ከተማ ድመቶችን እያጠኑ በዚሁ ሰዓት የሰውነት ጡንቻ ፈጽሞ እንደሚዝል አሳዩ። ዝለቱን የሚያመጣው የአንጎል ግንድ ክፍል ሲጎዳ ድመቶቹ እንቅልፍ ላይ እያሉ ተነሥተው አይጥ እንደሚያድን ያደርጉ ነበር።

ዝለቱ እንግዲህ ጥበቃ ነው። ጋባና ግላይሲን የተባሉ ኬሚካሎች ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ዝም ያሰኟቸዋል፤ ባያሰኟቸው ሕልመኛው ያለመውን ሁሉ በእጁና በእግሩ ይፈጽመው ነበር። ዱካክ የሚይዘው ንቃት ቀድሞ ሲደርስና ዝለቱ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ከዝለቱ ነጻ ስለሆነ አየር መግባቱን አያቆምም፤ የጎድን ጡንቻዎች ግን ስለሚዝሉ ሰውየው በፈቃዱ ረዥም ትንፋሽ ልሳብ ሲል እምቢ ይለዋል። ደረት ላይ የተቀመጠ ከባድ ነገር ያለ የሚመስለው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው፤ በጀርባ ተንጋሎ መተኛት ደግሞ ያባብሰዋል።

የሚታየውና የሚሰማው

ሕልሙ ገና ስላልተቋረጠ ክፍሉ ውስጥ ሰው የገባ ይመስላል፣ ኮቴ ይሰማል፣ ጥላ ወደ አልጋው ይጠጋል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለን ቼይን እነዚህን ስሜቶች በሦስት ከፍለዋቸዋል፦ የባዕድ መኖር፣ የደረት መጫንና መታፈን፣ እንዲሁም የመንሳፈፍና ከራስ አካል የመውጣት ስሜት። ብርቱው ፍርሃት ያለው ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጋር ነው።

የአፈታሪኮቹ መመሳሰል የሚያስገርም ነው። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደረት ላይ የምትወጣ አሮጊት ናት። የሆላንዱ ሐኪም ኢስብራንድ ቫን ዲመርብሩክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የ50 ዓመት ሴት ሌሊት ሰይጣን እንደሚተኛባት የነገረቻቸውን ጽፈዋል፤ ከዛሬው ታማሚ ቃል ብዙም አይርቅም። በኢትዮጵያም ብዙ ሰው ርኩስ መንፈስ ተጫነኝ ብሎ ያማትባል፣ ትራሱ ሥር መጽሐፍ ቅዱስ ያኖራል። ጸሎቱ ካረጋጋው ሐኪም የሚነቅፍበት ምክንያት የለም፤ ፍርሃት ሲቀንስ ዱካኩም ይቀላልና። ጉዳቱ የሚመጣው ሰውየው «አበደ» እንዳይሉት ብሎ ሲደብቅ፣ ወይም መተኛቱን ራሱን ፈርቶ ሌሊቱን ሲያነጋ ነው። እንቅልፍ ማጣት ዋናው ቀስቃሽ ስለሆነ ፍርሃቱ ዱካኩን መልሶ ይጠራዋል።

ማንን ይይዛል?

በ2011 እ.ኤ.አ. ብራያን ሻርፕለስና ዣክ ባርበር ከ36,000 በላይ ሰዎች የተካተቱባቸውን ጥናቶች አሰባስበው እንዳሰሉት፣ ከጠቅላላው ሕዝብ 7.6 በመቶ ያህሉን በሕይወት ዘመኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይዞታል። በተማሪዎች ዘንድ ቁጥሩ 28.3 በመቶ ነው። የፈተና ሰሞን ለሚያነጋ ተማሪ፣ በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው፣ በጭንቀት ወይም ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ ለሚኖር ሰው ቅርብ ነው።

ጫትና መጠጥ

በኢትዮጵያ ስለ ዱካክ ከሐኪሙ የማይተናነስ ዕውቀት ያለው ጫት ቃሚው ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል፤ እንቅልፍ ያባርራል፣ የሬምንም ጊዜ ያሳጥራል። ቃሚው ያቋረጠ ዕለት ግን አንጎል የቀረበትን ሬም ለማካካስ ይጣደፋል፤ ሕልሙ ይበዛል፣ ይከብዳል፣ ዱካኩም ይከተላል። ከሀራራው ይልቅ ይህን ሌሊት ፈርቶ ወደ መቃሚያው የሚመለስ ሰው አለ። ምርቃናን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲም አያድንም፦ አልኮል በሌሊቱ መጀመሪያ ሬምን ያፍናል፣ ወደ ንጋት ግን ይለቀዋል። ጫት ማቆም የፈለገ ሰው ይህ ሁሉ ጊዜያዊ መሆኑን አስቀድሞ ቢነገረው የመጽናት ዕድሉ ከፍ ይላል ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ሕክምና

አልፎ አልፎ ለሚይዘው ሰው የሁኔታውን ምንነት በቅጡ ማስረዳት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ በቂ እንቅልፍ፣ ቋሚ የመኝታና የመነሻ ሰዓት፣ በጎን መተኛት፣ ከቀትር በኋላ ቡናን መቀነስ ይመከራል። በያዘው ቅጽበት መታገል ድንጋጤውን ያባብሰዋል። ዐይንን ጨፍኖ «ይለቃል» ብሎ መረጋጋት፣ ሐሳብን ወደ አንድ ደስ የሚል ነገር ማዞር፣ ጡንቻን አለማወጠር የተሻለ ነው፤ ባላንድ ጃላል የተባሉ ተመራማሪ በ2016 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በአራት ደረጃ አዘጋጅተው አቅርበዋል። አንዳንዶች የእጅ ወይም የእግር ጣታቸውን ጫፍ ለማንቀሳቀስ መሞከር እንደሚረዳቸው ይናገራሉ።

በየሳምንቱ ለሚመላለስበትና ኑሮው ለታወከ ሰው ሐኪም ሬምን የሚቀንሱ የድብርት መድኃኒቶችን ሊያዝ ይችላል። ለዱካክ ብቻ የተደረገ ጠንካራ ሙከራ ግን ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱም በድንገት ቢቋረጥ እንደ ጫቱ ሬሙ ተመልሶ ይጎርፋል።

ከሁሉ በፊት ሐኪሙ «ሲይዝህ ነቅተህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ከቅዠት የሚለየው ይህ ነው። ቀን ቀን የማይቋቋሙት እንቅልፍ ከመጣ፣ ሲስቁ ወይም ሲደነግጡ ጉልበት የሚከዳ ከሆነ፣ ናርኮሌፕሲ ሊሆን ይችላል፤ ኦሬክሲን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት በመጥፋታቸው የሚመጣ ሲሆን የራሱ ሕክምና አለው። ኃይለኛ ማንኮራፋትና የትንፋሽ መቋረጥ ካለም ለብቻው ይመረመራል። ተኝቶ የሚማታና የሚጮህ አረጋዊ ዝለቱ የሚቀርበት፣ የዱካክ ተቃራኒ የሆነ ሕመም ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ሕመም ከፓርኪንሰን ዓመታት ሊቀድም ስለሚችል የነርቭ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከነቁ በኋላ በጥቂት ደቂቃ የማይለቅ የአካል መዛል፣ በተለይም በአንድ ጎን ብቻ የሆነ ወይም አፍን ያጣመመ፣ ዱካክ አይደለም፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስን ይጠይቃል።