ሜላኒን፣ በበቆሎ ቅጠል አድራቂ ፈንገስ
ኤክሴሮሂለም ቱርሲከም የተባለው ፈንገስ የሚያመርተው ጥቁር መከላከያ ቀለም ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ የምዕራብ ጎጃም የበቆሎ ማሳዎች፣ በክረምት ከታችኛው ቅጠል የሚጀምሩ ረጃጅም ግራጫ ቁስሎች ይታያሉ፤ እርጥበት ሲበዛ መሐላቸው ይጠቁራል። ያ ጥቁረት የፈንገሱ ዘር ነው።

ሜላኒን ዘሩን ከፀሐይ ጨረርና ከድርቀት ይጠብቃል፤ ቅጠል የሚበሳውን አካል ግድግዳም ያጠነክራል። ፈንገሱ በማሳ በቀረ አገዳ ላይ እስከ ቀጣዩ ክረምት ይቆያል።

የሜላኒንን ምርት ፖሊኬታይድ ሲንቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይጀምራል፣ ሌሎች ኢንዛይሞች ይቀጥላሉ። የእነዚህን ኢንዛይሞች ጂኖች የሚቀሰቅሱት ግን ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ናቸው፤ አስደናቂው ነገርም እዚህ ላይ ነው። የዱባ ወገን ተክሎችን በሚያጠቃው ኮሌቶትሪከም ፈንገስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ ሲኤምአር1 የተባለው የተቆጣጣሪ ፕሮቲን ጂን ሲወገድ የፈንገሱ ድር ጥቁረቱን አጣ፤ ቅጠል መብሻው አካል ግን እንደጠቆረ ቀረ። ለመብሻው ሌላ አዛዥ አለው።